ለቅሶ ቤት ውስጥ ኦሲሎስኮፕ መፍታት

ኦሲሎስኮፕ የሚባል ዕቃ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ አይክፋችሁ፤ እኔም አላውቅም ነበር። አሁንም ቢሆን አውቀዋለሁ ብዬ ደረቴን አልነፋም። ስሙን ሳልደናቀፍ ለመጥራት ራሱ ስንት ጊዜ ምላሴ ተጣምሟል። ታላቅ ወንድሜ ሙሌ ስሙን ሳበላሸው ሲሰማ፣ «ተወው፣ ምላስህን ትነክሳለህ፤ ዝም ብለህ ማሽኑ በለው» ይለኝ ነበር። እኔም ማሽኑ እለዋለሁ።

መልኩን ልንገራችሁ። ክብደቱ የፋሲካ በግ ያህላል። ፊቱ ላይ በአንድ በኩል መዳፍ የምታክል መስታወት አለችው። በሌላው በኩል ቁልፍ፣ ከቁልፍ ሥር ቁልፍ፣ ከቁልፍ ጎን ደግሞ የሚዞር ነገር። እኔ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ማኪያቶ የምሠራ ሰው ነኝ። የቡና ማሽናችን ያሉት ቁልፎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም ሁሉንም አልነካም። አንደኛውን ባለቤቱ ብቻ ነው የሚነካው። እና ይሄ ሁሉ ቁልፍ ምን ሊያደርግ ነው? ብዬ ሁልጊዜ እደነቅ ነበር።

የሚያደርገው እንዲህ ነው። ኮረንቲን በዓይን ያሳያል። ገመዱን አንድ ነገር ላይ ስታሳርፉት፣ እዚያ ውስጥ የሚሄደውን በአረንጓዴ መስመር ይስለዋል። ሬዲዮ ብትሰጡት የሬዲዮውን፣ ማይክ ብትሰጡት የድምፃችሁን። የሙሌ ማሽን ደግሞ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፤ ዲጂታል ከሚባሉት ከመጀመሪያዎቹ ነው። ያየውን ነገር «ያዝ» ካላችሁት ይይዛል። ሶኬቱ ቢነቀል እንኳ፣ ውስጡ ባለች ትንሽ ባትሪ እየተጠበቀ የያዘውን አይለቅም። ሙሌ ይህን ሲናገር የገዛ ልጁ አንደኛ የወጣ ነበር የሚመስለው።

ሙሌ ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር ይጠግን ነበር። ነበር። ይህቺን ቃል እስካሁን አልለመድኳትም። «ይጠግናል» ብዬ እጀምርና መሀል ላይ እቆማለሁ። ሰውም አብሮኝ ይቆማል። ስለዚህ በአጭሩ ልበላችሁ፦ ታመመ፣ ሆስፒታል ገባ፣ ከሆስፒታል አልወጣም። ከዚህ በላይ አልችልም። ወደ ማሽኑ እንመለስ።

አንድ ቀን፣ ሙሌ ደህና በነበረ ጊዜ፣ እናቴ ምሳውን ይዛለት ሱቁ ሄደች። እኔም ነበርኩ። እሷ ሙሌ ቀኑን ሙሉ እዚያች ጨለማ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በደንብ ገብቷት አያውቅም። ሙሌ ማይክ ማሽኑ ላይ ሰካና፣ ልክ ማታ ማታ ከበር ላይ ሆኖ እንደሚጣራው፣ «እማዬ!» አለ። አረንጓዴው መስመር ተነሣ፣ ተቆለለ፣ ወረደ፣ እንደገና ተቆለለና ቀስ እያለ ተኛ።

«ምንድነው እሱ?» አለች።

«ድምፄ ነው። አንቺን ስጠራሽ።»

አንገቷን አስግጋ አየችው። «እንጦጦን ነው የሚመስለው» አለች።

ሙሌ እስኪያስለው ሳቀና፣ «እንግዲያው ይቀመጥ» ብሎ አንዷን ቁልፍ ተጫነ። ማሽኑ ያዘው። እኛም ምሳችንን በላን። ነገሩ በቃ ይኸው ነበር።

ሙሌ ያረፈ ሰሞን፣ ቤታችን በለቅሶ ደራሽ ተሞልቶ ሳለ፣ እኔ ስልኬን ስነካካ የሱን የድምፅ መልእክት ሳላስበው ከፈትኩት። «ስትመጣ ዳቦ ያዝ» ነው የሚለው፤ ሌላ ምንም የለውም። እናቴ ግን ከፍራሹ ላይ ተነሥታ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወጣች። «አልችልም» አለች። «ድምፁን አልችልም። ዝጋልኝ።» ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ቃል አታወጣም። ሲያጎርሷት ትጎርሳለች፣ ሲያስተኟት ትተኛለች። ጎረቤት ሁሉ «አናግሪን እንጂ» እያለ ይለምናታል። አንድ ጠዋት ግን ሻይ ሳቀብላት እጄን ያዘችና፣ «ያ ተራራ አሁንም አለ?» አለችኝ።

«የቱ ተራራ?»

«ማሽኑ ውስጥ ያለው። እሱ ድምፅ የለውም አይደል? ዝም ብሎ ነው የሚታየው።» እጄን ሳትለቅ፣ «እሱን ማየት እችላለሁ» አለች።

አያችሁ? ከቀብሩ ወዲህ የጠየቀችኝ ነገር ይህ ብቻ ነው። ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ማሽኑን ከነማይኩ ከጊዮርጊስ ጀርባ እስከ ቤት በትከሻዬ ነው ያመጣሁት። ታክሲ አልጫነኝም። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ፣ «ማይክሮዌቩ ይሸጣል?» ይለኛል። አንዷ ሴትዮማ እስከ በራችን ድረስ ተከተለችኝ። በሩ ላይ ድንኳን ስታይ፣ «ውይ፣ ለካ ለቅሶ ቤት ነው» ብላ ገብታ አለቀሰች። ለማን እንደምታለቅስ ግን እስክትወጣ አልጠየቀችም።

እንግዲህ ማሽኑን ጓዳ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ሶኬቱን ሰካሁና ማብሪያውን ተጫንኩ። ምንም። እንደገና ተጫንኩ። ምንም። ከኋላዬ ግን ድምፅ መጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ እህት። ለቅሶ ቤታችንን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን መቼ ማልቀሱን እንደሚያቆም፣ ሁሉም በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ቴሌቪዥናችንን በመጀመሪያው ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ነጠላ ያለበሱት እሳቸው ናቸው። አርባው ሳይወጣ ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«እትዬ፣ ቴሌቪዥን አይደለም።»

«መስታወት አለው?»

«አለው።»

«ይበራል?»

«እንዲበራ ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ ምንድነው?»

እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ የጀመረው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ፊዚክስም ተምሬአለሁ። ግን የተማርኩት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ከራሴ ውስጥ ጥሎኝ ወጣ። «መለኪያ ነው» አልኩ።

«የምን መለኪያ?»

«የ... የሚመታ ነገር። ትር ትር የሚል ነገር ሲመታ በመስመር ያሳያል።»

እትዬ ዘውዴ ማሽኑን ዞረው አዩት። መስታወቷን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አወቅሁት» አሉ። «ሆስፒታል አልጋው አጠገብ የነበረው ነው።»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ግን ቴሌቪዥን ተከፈተ ብለው ሊቆጡ የነበሩት ሴትዮ አሁን ማሽኑን በእጃቸው እየዳበሱት ነው። ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ አውቆታል፤ የሙሌን ልብ ሲያዳምጥ የነበረው ማሽን ቤት መጥቷል። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ መጀመሪያ እናቴን ይስማል፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ ሄዶ አንገቱን ይደፋል። አንዳንዱ ይሳለመዋል።

በነጋታው ቶፊቅን ጠራሁት። ቶፊቅ ከሙሌ ሱቅ ጎን ሞባይል የሚጠግን የሙሌ ጓደኛ ነው። ያልተነካ ስልክ ከፍቶ «ይሄ ተነክቷል» በማለት የታወቀ ነው። ገብቶ፣ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብሎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ ወደ እኔ መጣ።

«ማሽኑን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«ጀለስ፣ እኔ የማላውቀው ማሽን አለ?»

«ፈትተኸው ታውቃለህ?»

«መፍታት እንኳ... ሙሌ ሲፈታው አጠገቡ ሻይ ጠጥቻለሁ።»

ከዚህ የተሻለ ባለሙያ አልነበረኝም። ካቻቪቴያችንን ይዘን ተቀመጥን። ብሎኖቹን የማስቀምጠው ከኬክ ቤቱ ባመጣኋቸው፣ ኬክ በሚጋገርባቸው ሽንሽን ወረቀቶች ውስጥ ነው። የላይኛውን ክዳን ብሎን በአንዱ፣ የጎኑን በሌላው፣ የኋላውን በሌላው። ጠረጴዛው የልደት ግብዣ መሰለ። ቶፊቅ፣ «እንዲህ የተፈታ ዕቃ አይቼ አላውቅም፤ ክሬም ብቻ ነው የቀረው» አለ።

ክዳኑ ሲነሣ ግን ሁለታችንም ካቻቪቴያችንን አስቀመጥን።

እንዴት ልበላችሁ። ውጭውን ሲያዩት ግራጫ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ግን... እኔ ጠዋት ጠዋት ኬኮቹን መስታወት ውስጥ የምደረድር ሰው ነኝ፤ መደርደር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይሄን የደረደረው ሰው ግን ማን ነው? ቦርድ በቦርድ ላይ ቆሟል፤ ቦርዱ ላይ ጤፍ የምታክል ነገር ሁሉ በአጠገቧ ስሟ ተጽፎላታል። አንዲትም ስም አልባ የለችም። ወርቅ የተቀቡ እግሮች አሉ፤ ማንም የማያያቸው፣ ክዳን ሥር የተደበቁ ወርቅ! በመሀል ረጅሙ የመስታወት ቱቦ እንደ ጠርሙስ ተጋድሟል፤ አንገቱ ጠቦ፣ ታቹ ሰፍቶ። ቶፊቅ እጄን መታ አደረገኝና፣ «ይህቺን እንዳትነካ፤ ተነቅላም ትመታለች» አለኝ። ተነቅሎም የሚመታ! እናንተዬ፣ ያ ሰው ሁሉ ሲሳለመው የነበረው ለካ በከንቱ አይደለም።

ቦርዶቹን አንድ በአንድ ስንጎትት፣ ጥግ ላይ ባለው ቦርድና በቆርቆሮው መሀል የተሸጎጠ አንድ ነገር አየሁ። ስስበው የማስቲካ ወረቀት ነው። ብርማው ጎኑ ወደ ውስጥ፣ ነጩ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ታጥፎ፣ እንደገና ታጥፎ፣ ጥፍር ያህል ሆኗል።

ሙሌ ሁልጊዜ ማስቲካ ያኝካል። ወረቀቱን አይጥልም፤ እንዲህ እያጣጠፈ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። የትም ብትወስዱኝ፣ ከሺህ ወረቀት መሀል ብትከቱት፣ የሱ እጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። እጁ ነው። ወድቆበት ቀርቷል ብዬ አሰብኩ። ለቶፊቅም ሳልነግረው ቦርሳዬ ውስጥ፣ መታወቂያዬ ሥር አስቀመጥኩት። የሱ ልብስ ለዘመድ ተሰጥቷል፣ ሱቁም ለባለቤቱ ሊመለስ ነው፤ ይህቺን ግን ማንም አይጠይቀኝም።

ወደ ሥራችን ስንመለስ ከኬክ ወረቀቶቹ አንዱ የለም።

«እዚህ የነበረው የት ሄደ?» አልኩ።

እትዬ ዘውዴ ከጓዳ፣ «ቆሎዋን? ከሌላው ቆሎ ጋር ቀላቅዬ ለሽማግሌዎቹ አቀረብኩት» አሉ።

ሮጥኩ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታፈሰ እፍኝ ቆሎ አፋቸው ውስጥ ከተው መንጋጋቸው ቆሟል። ዓይናቸው ፈጧል። ቀስ ብለው ጣታቸውን ሰደዱና አንዲት ብሎን አወጡ። በመሀረባቸው አብሰው ወደ ብርሃን አደረጓት።

«የጥርሴ ነው» አሉ በሐዘን። «ያን ጊዜ የተከሉልኝ። ብሎን እንዳለው አልነገሩኝም ነበር።»

«ጋሽ ታፈሰ፣ እሱ እኮ...»

«ተወኝ ልጄ። ሐኪም ዘንድ ሳልዘገይ ልሂድ፤ ሌላውም ሳይከተል።» መሀረባቸውን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱና፣ ጉንጫቸውን ደግፈው ወጡ። የቀሩትን ብሎኖች ከቆሎው ውስጥ ለቀምኩ። ሽማግሌዎቹም ለቀሙልኝ። እያንዳንዱ ያገኛትን ብሎን ሲሰጠኝ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይለኛል።

ቶፊቅ በዚህ መሀል ችግሩን አግኝቷል። ኮረንቲ የሚገባበት ቦርድ ላይ ያሉት፣ ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ትልልቅ ካፓሲተሮች አብጠው እግራቸው ሥር ረጥቧል። «ነቄ በል፣ እነዚህ ናቸው» አለ። ወጥቶ አዲስ ይዞ መጣና የብየዳ ካውያውን አጋለ። ካውያው ያረጀውን ሲነካው ጭስ ተነሣ። ጭሱም ሸተተ። ምን ሸተተ መሰላችሁ? ዓሣ። ልክ የተጠበሰ ዓሣ። የካፓሲተር ውኃ ሲያረጅ እንዲህ ይሸታል አለኝ ቶፊቅ። ይሄን ለእኔ ነገረኝ እንጂ ለቤቱ ማን ይንገረው?

ጾም ነው እንግዲህ።

«ዓሣ የጠበሰው ማነው?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«ዓሣ ይፈቀዳል እኮ» አሉ አንዲት ጎረቤት።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ከድሮም ይበላል።»

«አንቺ ቤት ይሆናላ!»

በቃ፣ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ዓሣ ሥጋ ነው የሚሉ በፍራሹ በኩል፣ አይደለም የሚሉ በወንበሩ በኩል። ለቅሶው ተረሳ። ቶፊቅ ጭሱን በካርቶን እያራገበ፣ «እኔ በዚህ ጉዳይ የለሁበትም» ይላል። እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ ከንፈሯ ግን ከነጠላው ሥር ተንቀሳቀሰ። ሳቀች አልልም። ልትስቅ ስትል ያየሁ መሰለኝ።

አዲሶቹ ተተከሉ። ቦርዶቹ ተመለሱ። ቶፊቅ «ቢስሚላህ» አለ፤ እኔ አማተብኩ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ምንም።

ቶፊቅ ራሱን ያዘ። «አበላሸሁት። ወላሂ የሙሌን ዕቃ አበላሸሁት» አለና ወንበሩ ላይ ተደፋ። ለእናቴ ምን ልበላት? ከዚያ ከውጭ አንድ ሰው፣ «መብራት ሄዷል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሄዶ ነበር። ቶፊቅ ቀና ብሎ ፊቱን ጠረገና፣ «እኔ እኮ አውቄ ነው፤ አንተን ልፈትንህ ብዬ ነው» አለ።

መብራቱ ተመልሶ እስኪመጣ የጸለይኩትን ያህል ለማትሪክ አልጸለይኩም።

መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ተነሣ። መጀመሪያ ማራገቢያው እንደ ሰው ተነፈሰ። ከዚያ ቁልፎቹ ላይ ያሉት ትናንሽ መብራቶች ሁሉም በሩ፣ ሁሉም ጠፉ፣ በየተራ በሩ፤ ራሱን እየመረመረ ነው አለኝ ቶፊቅ። ራሱን የሚመረምር ዕቃ! ከዚያ ያ ጥቁር መስታወት ከውስጡ ንጋት እንደሚነጋ አረንጓዴ ሆነ። ቆሜ ቀረሁ። ስለ ዓሣው የሚከራከሩትም ዘወር አሉ።

እናቴ ከፍራሹ ተነሥታ መጣች። ሙሌ ይጫናት የነበረችውን ቁልፍ፣ የተያዘውን የምታወጣዋን፣ ተጫንኩ።

መስመር ወጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ። ተራራ የለም፣ ኮረብታ የለም። ቀጥ ያለ አረንጓዴ መስመር።

«ቀጥ አለ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እትዬ ዘውዴ ናቸው። «ልጄን! ያኔም እንዲህ ነበር ያለው! ቀጥ ነው ያለው!» ደረታቸውን መቱ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ? ቤቱ አንድ ላይ ተነሣ። የቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አልተለቀሰም። ጎረቤት አጥር ጥሶ መጣ። «ማነው ደግሞ? ማን ሞተ?» ይላል የገባው ሁሉ። «ሙሌ» ይሉታል። «ሙሌ እኮ ሞቷል!» «እኮ፣ እንደገና!» በዚህ መሀል ጋሽ ታፈሰ ከሐኪም ሲመለሱ ጩኸቱን ሰምተው፣ አንድ እጃቸው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ በሩ ላይ ቆሙና፣ «ጡሩምባ ይነፋ ወይስ ይቆይ?» ብለው ጠየቁ።

እናቴ ብቻ አላለቀሰችም። መስመሯን አየች፣ እኔን አየች። «ጠፍቷል ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። ልትመለስ ዞረች። የዞረችበት አዟዟር አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ቶፊቅ ክዳን በሌለው ማሽን ላይ አጎንብሶ ነበር። «ቆይ ቆይ ቆይ» አለ። ጣቱን ጥግ ባለው ቦርድ ላይ አሳርፎ ጫን አደረገው። መስመሩ ዘለለ። ለቀቀው፤ ቀጥ አለ። እንደገና ጫነው፤ ተርገበገበ። «ያስቀመጠውን ከነባትሪው የሚይዘው ቦርድ ይሄ ነው። ሶኬቱ ላልቷል፤ በደንብ አልተያያዘም። ግን ሙሌ እንዴት ነበር የሚጠቀምበት? እዚህ ጋ አንድ ነገር ወጥሮት መሆን አለበት። አንድ ነገር ሸጉጦበት...»

ገባኝ። ከእግሬ ጀምሮ እስከ ጆሮዬ ሞቀኝ።

ወድቆበት አልነበረም ለካ። ሸጉጦት ነው። ሶኬቱ መላላቱን አይቶ፣ አፉ ውስጥ ያለውን ማስቲካ እያኘከ፣ ወረቀቱን ልክ በሚበቃው መጠን አጥፎ፣ ልክ በቦታዋ አስገብቶ ክዳኑን ዘግቶታል። ያ ሁሉ ወርቅ ያላደረገውን በማስቲካ ወረቀት አድርጎታል። እኔ ደግሞ፣ ናፍቆኝ፣ ነቀልኩት።

ቦርሳዬን አወጣሁ። ወረቀቷን ያዝኳት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መስጠት አልፈለግሁም። ሌላ ወረቀት አጥፌ ብሰጠውስ? አልኩ። ኬክ ቤት የሠራ ሰው ወረቀት ማጠፍ አይሳነውም። አንዱን የኬክ ወረቀት አጠፍኩ፤ ቶፊቅ ሞከረው፤ ወፈረ። ሌላ አጠፍኩ፤ ሳሳ። ቶፊቅ እጄ ላይ ያለችውን አየና ዝም አለ። ቶፊቅ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«የሱ ናት?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ስጠኝ አልልህም። አንተ ራስህ አስገባት። ብርማው ወደ ውስጥ እንደሆነ።»

አስገባኋት። ገባች። ልክ ቦታዋን እንደምታውቅ ሰው ገባች።

እንግዲህ ሰዉ አሁንም እያለቀሰ ነው። እኔ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ ጎተትኩና ቁልፏን እንደገና ተጫንኩ።

ወጣ። መጀመሪያ ትንሿ ጉብታ፣ ከዚያ ትልቁ፣ ከዚያ ሸለቆ፣ ከዚያ እንደገና ተራራ፣ ከዚያ ያ ረጅሙ፣ ቀስ እያለ የሚተኛው ጫፍ። ከበር ላይ ሆኖ ሲጣራ የሚስባት የመጨረሻዋ ድምፅ። ሁሉም አለ። ሰውየው የለም፤ ጥሪው አለ። አንዲት ባትሪና አንዲት የማስቲካ ወረቀት ይዘውት ቆይተዋል።

ለቅሶው ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። ከፊት ያሉት ዝም ሲሉ ከኋላ ያሉት ዝም አሉ። «ምንድነው?» አለ አንዱ። «ልቡ ነው» አለው ሌላው። «አይደለም» አልኩ፤ አሁን ግን ድምፄ ወጣ። «ድምፁ ነው። እማዬ ሲል።»

እናቴ ጠጋ አለች። ጣቷን አነሣችና ሳትነካው፣ በአየር ላይ፣ ተራራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለችው። ረጅሙ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ወዬ» አለች።

እንዲህ ነው የምትመልስለት፤ ሁልጊዜ፣ ከጓዳ ሆና። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ከእኔና ከቶፊቅ በቀር የሰማትም ያለ አይመስለኝም። ግን ማይኩ ማሽኑ ላይ እንደተሰካ ነበር። ለምን እንደሰካሁት አላስታውስም፤ የሙሌ ማይክ ስለሆነ ከቦታው እንዳይቀር ብዬ ይሆናል። ከሙሌ ተራራ ሥር፣ ለቅሶው ሲበርድ ቀጥ ያለው ሁለተኛው መስመር፣ አሁን በማይኩ የሚገባውን የሚስለው፣ ተነሣ። ትንሽ ኮረብታ ሠራ። ከእሱ በታች፣ ልክ እሱ በተኛበት ቦታ ላይ።

ሙሌ ያን ቀን «ይቀመጥ» ብሎ የተጫናትን ቁልፍ ተጫንኩ። ማሽኑ ያዘው።

ጋሽ ታፈሰ ከኋላ እየተጋፉ መጥተው በመሀረብ የተጠቀለለች ነገር እጄ ላይ አኖሩ። ብሎኗ ናት። «ሐኪሙ፣ ይህቺ ከሰው አፍ አልወጣችም አለኝ» አሉ በጆሮዬ፤ መስታወቷን እያዩ።

ብሎኗን ኬክ ወረቀቷ ውስጥ ከተትኩና፣ ክዳኑን ከማሰሬ በፊት ማሽኑን ላጥፋ ብዬ ወደ ማብሪያው እጄን ሰደድኩ። አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። እትዬ ዘውዴ ናቸው። ነጠላ ለብሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን ቴሌቪዥን አንዴ አዩት፤ ወዲያው ወደ ማሽኑ ተመለሱ።

«እንዳታጠፋው» አሉኝ።